የዲጄ መሣሪያ ንግድ በአምቦ መንገድ ከተሞች

ሞንታርቦ የሚለው ቃል የአንድ ኢጣልያዊ ፋብሪካ ስም መሆኑን የሚያውቁ ሰዎች ብዙ አይደሉም። የፋብሪካው ድምፅ ማጉያዎች ወደ አገራችን ገብተው በየአዳራሹና በየአደባባዩ ከተሰሙ ወዲህ ስሙ ከዕቃው ተላቆ የማንኛውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ መጠሪያ ሆኗል። በቻይና የተሠራውንም ሆነ እዚሁ በእንጨት የተገጠመውን ሣጥን ሕዝቡ «ሞንታርቦ» ይለዋል። ይህን ለመረዳት የአምቦ ሰው አይቸገርም፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ የሚሸጠው የከተማው የማዕድን ውሃ እንደዚሁ ስሙን ለሌላው ጋዝ ያለው ውሃ ሁሉ አውሶ ይኖራልና። እንደሚመስለኝ አንድ ሸቀጥ እዚህ ደረጃ የሚደርሰው ወደ ገበያ ስለ ገባ ብቻ አይደለም። ከገባ በኋላ ስለ ቆየ፣ በተበላሸም ጊዜ የሚጠግነው ሰው ስለ ተገኘ ነው።

ይህን ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ ዓለም ጀምሮ በጊንጪ፣ በአምቦ፣ በጉደርና በጌዶ አልፎ እስከ ባኮ በሚዘልቀው መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች የዲጄ መሣሪያ የሚጠይቁ ወጣቶች ይገኛሉ። ጠያቂዎቹ ጭፈራ ቤት ያላቸው ሰዎች ብቻ አይደሉም። ለሠርግ፣ ለምርቃትና ለሱቅ ምረቃ ሙዚቃ እያጫወቱ ለመተዳደር የሚፈልጉ፣ ገንዘባቸውን ሁለትና ሦስት ሆነው የሚያዋጡ ልጆች ጭምር ናቸው። ዕቃውን የሚያመጣላቸው ነጋዴ ግን ብዙውን ጊዜ የሚመለከተው የሣጥኑን ውበትና የመብራቱን ብልጭታ ነው። ከዚህ የተነሣ ገዢው ይከስራል፤ ገዢው ከከሰረም በኋላ በዚያች ከተማ ሁለተኛ ዕቃ መሸጥ አስቸጋሪ ይሆናል።

በመሠረቱ ሙዚቃና ንግድ በአገራችን የተዛመዱት ዛሬ አይደለም። ድምፁን በሸክላ በማስቀረጽ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ የሚባለው ሰው የማዕረግ ስሙ ነጋድራስ ነበር፤ ይኸውም ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነው። እርሱ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1908 እስከ 1910 ባለው ጊዜ፣ በጀርመን አገር ሳለ ድምፁ ተቀረጸ። ከስልሳ ዓመት በኋላ፣ ሸክላ ማሳተምና ማስገባት ለአገር ፍቅር ማኅበር ብቻ የተፈቀደ ሆኖ ሳለ፣ አምሃ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1969 አምሃ ሪከርድስን አቋቁሞ ሸክላዎቹን በውጭ አገር እያሳተመ ማስገባት ጀመረ። አገሩን ለቆ እስከ ወጣበት እስከ 1975 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችንና 12 ትልልቅ ሸክላዎችን አሳትሟል። የዚህ ጋዜጣ አንባብያን ሥራው ምን እንደ ሆነ ይገባቸዋል፤ የተቀረጸውን ድምፅ ላኪ፣ የታተመውን ሸክላ አስመጪ፣ በሱቁም ቸርቻሪ ነበር። ከዚያ በኋላ ካሴት መጣ፤ ከካሴት በኋላ ሲዲ መጣ፤ አሁን ደግሞ አንድ ሺህ ዘፈን ከአውራ ጣት በማይበልጥ ፍላሽ ውስጥ ይገባል።

ዲጄ የሚባለው ባለሙያ የራሱን ዘፈን የሚዘፍን ሰው አይደለም። በሌላ ሰው የተቀረጸውን ዘፈን አንዱን ከሌላው ጋር እያዛመደ፣ ጭፈራው እንዳይቋረጥ አድርጎ የሚያጫውት ነው። የሥራው መሣሪያ ለብዙ ዘመን ሁለት የሸክላ ማጫወቻና በመካከላቸው ያለ ሚክሰር ነበር። የጃፓን ኩባንያ ማትሱሺታ ቴክኒክስ በሚለው ስም በ1972 ያወጣው ኤስ ኤል 1200 የተባለው ማጫወቻ ለዚህ ሥራ በዓለም ሁሉ ታውቋል። በ2001 ፓዮኒር ሲዲጄ 1000 የተባለውን አወጣ፤ በዚህ መሣሪያ ሲዲውን እንደ ሸክላ በእጅ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ማዞር ተቻለ። በ2020 የወጣው ሲዲጄ 3000 ግን የሲዲ መክተቻ እንኳ የለውም፤ የሚያነበው ፍላሽና ሚሞሪ ካርድ ነው። ሲዲው ሲቀር ስሙ ብቻ ቀርቷል፤ ነገሩ እንደ ሞንታርቦ ነው።

ሁለተኛው ዐይነት መሣሪያ ኮንትሮለር የሚባለው ነው። ይህ መሣሪያ መልኩ ሁለት ማጫወቻና አንድ ሚክሰር በአንድ ላይ የተጣበቁ ይመስላል፤ ይሁን እንጂ አብዛኛው ኮንትሮለር በራሱ ምንም ዘፈን አያጫውትም። ዘፈኑም፣ ዘፈኖቹን የሚያዛምደው ፕሮግራምም ያሉት ከእርሱ ጋር በገመድ በሚያያዘው ላፕቶፕ ውስጥ ነው። ላፕቶፕ የሌለው ኮንትሮለር መኪና የሌለው መሪ ማለት ነው። ይህን ልዩነት ሳይናገር የሚሸጥ ባለሱቅ እንዳለ የምናውቀው ገዢዎች ዕቃውን ከሞንታርቦ ጋር ብቻ አገናኝተው «አይሠራም» ብለው ሲመልሱ ስለምናይ ነው። ዋጋውም ቢሆን እጅግ ይለያያል። ለጀማሪ የሚሆነው የታወቀ ኮንትሮለር በውጭ አገር ሦስት መቶ ዶላር ገደማ ሲሸጥ፣ ሲዲጄ 3000 ግን አንዱ ብቻ ከሁለት ሺህ ዶላር በላይ ያወጣል። ለሥራው ደግሞ ሁለት ያስፈልጋል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። አንድ አስመጪ ለምዕራብ ሸዋ የሚሆን ዕቃ ለመምረጥ ሲያስብ የአምቦን ጭፈራ ቤት በልቡ ባይዝ ይሻለዋል። በአምቦ ግድግዳ፣ ጣሪያና የመብራት መስመር አለ። ይልቁንስ ጭልሞን ያስብ። የጭልሞ ደን ከጊንጪ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ በደጋው ላይ ያለ፣ ጽድና ዝግባ የሚበቅልበት፣ የአዋሽ ወንዝ መነሻ ምንጮች የሚፈልቁበት አገር ነው። በዚያ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች ሠርግ ሲሠረግ ዳስ ይጣላል፤ ጄኔሬተር ይመጣል፤ ሌሊቱም እጅግ ይቀዘቅዛል። በጭልሞ ሠርግ እስከ ንጋት የሠራ መሣሪያ በየትኛውም ከተማ ይሠራል።

በቅድሚያ የሚታየው የመብራት ነገር ነው። የአገራችን መብራት 220 ቮልት ሲሆን የአሜሪካ 120 ቮልት ነው። ከአሜሪካ በዘመድ በኩል የሚመጣ፣ ወይም ከአሜሪካ ገበያ ተርፎ በዱባይ በኩል የሚዞር ዕቃ በጀርባው ካለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ «100–240» ተብሎ ተጽፎ እንደ ሆነ መሰኪያውን ብቻ መለወጥ ይበቃል። «120» ብቻ ከተጻፈ ግን ዝቅ የሚያደርግ ትራንስፎርመር ያስፈልገዋል፤ አለዚያ ገና ሲሰካ ይቃጠላል። ሁለት ወጣቶች የአንድ ዓመት ቁጠባቸውን አውጥተው የገዙትን ሚክሰር ተሸክመው ወደምሠራበት መደብር መጥተው ነበር። ሻጩ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልግም፣ የመሰኪያውን እግር የሚቀይር ትንሽ ማያያዣ ጨምሮ ሸጦላቸዋል። ማያያዣው ግን እግሩን እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። በመጀመሪያው ሠርግ ሙሽሮቹ ከመግባታቸው በፊት ሚክሰሩ ጨሰ፤ የተቀበሉትንም ቀብድ መለሱ። ልጆቹ እኛ ዘንድ የመጡት ሊከሱ አልነበረም፤ የሚጠገን መስሏቸው ነበር። ሰሌዳውን ለማንበብ ግማሽ ደቂቃ ይበቃ ነበር።

ከቮልቱ ቀጥሎ የመብራት መቋረጥ አለ። ላፕቶፕ የራሱ ባትሪ ስላለው መብራት ሲጠፋ አይጠፋም፤ ኃይሉን ከላፕቶፑ በዩ ኤስ ቢ ገመድ የሚወስድ ኮንትሮለርም እንዲሁ አይጠፋም። እንደ ሲዲጄ ያሉት ትልልቆቹ ግን በዚያው ቅጽበት ይጠፋሉ፤ መብራቱ ሲመለስም እንደገና እስኪነሡ ድረስ ታዳሚው በዝምታ ይጠብቃል። ስለዚህ በእኛ አገር ርካሹ መሣሪያ ከውዱ የሚሻልበት ጊዜ አለ፤ ይህንንም ለገዢው መንገር ነውር አይደለም። ትልቁን የሚገዛ ሰው ቢያንስ ለጥቂት ደቂቃ ኃይል የሚይዝ ዩ ፒ ኤስ አብሮ ይግዛ። ይህ ለባለሱቁም ሁለተኛ ሽያጭ ነው።

በሣጥን ላይ ስለሚጻፈው ዋት አንድ ነገር ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። «3000 ዋት» ተብሎ በትልቁ የሚጻፈው ቁጥር ብዙ ጊዜ ድምፅ ማጉያው ለቅጽበት ብቻ የሚደርስበት ጫፍ ነው። ሳያቋርጥ ሊሰጥ የሚችለው ኃይል በትንሽ ፊደል አር ኤም ኤስ ተብሎ የሚጻፈው ሲሆን፣ ከትልቁ ቁጥር ግማሽ ወይም ከዚያ በታች ይሆናል፤ በአንዳንድ ሣጥኖች ላይ ደግሞ ጭራሹን አይጻፍም። ገዢው ትልቁን ቁጥር አምኖ ለሦስት መቶ እንግዳ በዳስ ውስጥ ሊያሰማ ሲነሣ ድምፁ አይደርስለትም፤ እንዲደርስ ብሎ እስከ መጨረሻው ሲከፍተው ድምፁ ይሰነጠቃል፤ ከዚያም ማጉያው ይቃጠላል። ነጋዴው ዕቃ ሲያዝ የማያቋርጠውን ኃይል በደብዳቤ ይጠይቅ፤ መልሱንም በዕቃው ዝርዝር ላይ ያስጽፍ። ላኪው ፋብሪካ መልስ ካልሰጠ፣ አለመመለሱ ራሱ መልስ ነው።

ፍላሽም እንደ ቀላል ሊታይ አይገባም። በገበያው ውስጥ ላያቸው ላይ ትልቅ ቁጥር የተጻፈባቸው፣ በውስጣቸው ግን የተጻፈውን ያህል የማይዙ ፍላሾች ሞልተዋል። ዘፈኑ የተገለበጠ ይመስላል፤ በሠርጉ ሌሊት ሲከፈት ግን አይገኝም። አያሌ ማጫወቻዎች ደግሞ ኤን ቲ ኤፍ ኤስ በሚባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ አያነቡም፤ ፋት 32 በሚባለው መዘጋጀት አለበት። የዘፈኑም ጥራት የታወቀ ልክ አለው። አራት ደቂቃ የሚወስድ ዘፈን በ320 ኪሎቢት ሲቀመጥ ወደ 10 ሜጋባይት ይይዛል፤ ይህም በ32 ጊጋባይት ፍላሽ ውስጥ ከሦስት ሺህ ዘፈን በላይ ያስገባል። ቦታ ለመቆጠብ ተብሎ እጅግ የተጨመቀው ዘፈን በስልክ ሲሰማ ደኅና ቢመስልም በሞንታርቦ ሲሰማ እንደ ቆርቆሮ ይንጫጫል። ታዳሚው ምክንያቱን አያውቅም፤ ዲጄው ግን ይታማል።

እስከዚህ የተነገረው ሁሉ በጥንቃቄ የሚገኝ ነው። የሚቀጥለው ግን እውቀት ይጠይቃል፤ በእኔ አስተያየት ከሁሉ የሚበልጠውም ይኸው ነው። አዲሶቹ መሣሪያዎች የሁለት ዘፈኖችን ፍጥነት በራሳቸው አስልተው ያስተካክላሉ። ይህ ሥራ የተሠራው ምቱ አራት አራት ተብሎ ለሚቆጠርና ፍጥነቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በማሽን ለተጠበቀ የአውሮፓና የአሜሪካ የጭፈራ ሙዚቃ ነው። የእኛ ጭፈራ ግን ብዙውን ጊዜ ቺክቺካ በሚባለው፣ ስድስት ምት ባለው አካሄድ ይሄዳል። ጨፋሪው ስድስቱን ምት ሦስት ሦስት አድርጎ በትከሻው ይቆጥራል፤ ኮምፒዩተሩ ግን አንዳንድ ጊዜ ሁለት ሁለት እያደረገ ይቆጥራል። ስለዚህ ጨፋሪው በደቂቃ 100 ጊዜ የሚረግጠውን ዘፈን መሣሪያው 150 ነው ብሎ ይጽፋል። ቀጥሎ 100 የሚሄድ ሌላ ዘፈን ሲመጣ መሣሪያው «አይገጥሙም» ይላል፤ ወይም አንዱን ጎትቶ ያበላሸዋል። በሰው ጆሮ ግን ሁለቱ ዘፈኖች ወንድማማቾች ናቸው።

በካሴት ዘመን የተቀረጹት ዘፈኖች ደግሞ ሌላ ጠባይ አላቸው። ባንዱ በአንድ ክፍል ተሰብስቦ ያለ መቁጠሪያ ማሽን ስለ ተጫወተ ዘፈኑ ሲሞቅ ይፈጥናል፤ ሲበርድ ይዘገያል። ከካሴት ወደ ኮምፒዩተር ሲገለበጥም የቴፑ ሞተር ያፈጠነው ወይም ያዘገየው አለ። መሣሪያው በመጀመሪያው ደቂቃ የለካውን ፍጥነት ይዞ ሲሄድ በሦስተኛው ደቂቃ ከዘፈኑ ጋር ይለያያል። የቅኝቱም ነገር እንዲሁ ነው። ፕሮግራሞቹ እያንዳንዱን ዘፈን የአውሮፓ የሙዚቃ ሊቃውንት ከሚያውቋቸው 24 ቅኝቶች በአንዱ ይሰይሙታል፤ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ግን አያውቁም። አንቺ ሆዬ የሆነውን ዘፈን በግድ በአንዱ ስም ይጠሩታል፤ ያን ስም አምኖ ሁለት ዘፈን ያገናኘ ዲጄ ጆሮ ያቆስላል።

እንግዲህ መድኃኒቱ መሣሪያውን መተው አይደለም። የምቱን መስመር በእጅ ማስያዝ፣ የማይገጥመውን ማስተካከያ ማጥፋት፣ ቅኝቱን ራስ ሰምቶ በዘፈኑ ስም አጠገብ መጻፍ በሁሉም ፕሮግራሞች ይቻላል። ይህን ማን ያስተምር? መመሪያው የሚመጣው በእንግሊዝኛና በቻይንኛ ነው። በምዕራብ ሸዋ ያለው ገዢ ግን አፍ ያቀናው በኦሮምኛ ነው፤ አማርኛም ያነባል። አንድ አስመጪ በእነዚህ በሁለቱ ቋንቋዎች አራት ገጽ የሚሆን መመሪያ አስጽፎ፣ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር ቢያያይዝና በወር አንድ ከሰዓት በኋላ በመደብሩ የሚያሳይ ባለሙያ ቢያስቀምጥ ወጪው ከአንድ ማስታወቂያ አይበልጥም። ጥቅሙ ግን ገዢው ወደ ሌላ መደብር እንዳይሄድ የሚያደርግ ነው።

ታዳሚን ስለ መያዝ የሚጻፈው የውጭ አገር ምክር ሁሉ ለእኛ አይሆንም። በለንደን ወይም በበርሊን ጭፈራ ቤት የሚገባው ሰው ዕድሜው ተቀራራቢ ነው፤ ሙዚቃውንም አስቀድሞ መርጦ ይመጣል። በጊንጪ ሠርግ ግን አያትና የልጅ ልጅ በአንድ ዳስ ይቀመጣሉ። ደኅና ዲጄ መጀመሪያ ዐይኑን የሚያሳርፈው በሚጨፍሩት ላይ አይደለም፤ በተቀመጡት ላይ ነው። ሽማግሌዎቹ ሳይነሡ ትከሻቸውን ማወዛወዝ ከጀመሩ ዳሱ በእጁ ነው። ምግብ እስኪነሣ ድረስ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ረገዳ ሲጀመር ይለቅቃል፤ ከኦሮምኛው ወደ አማርኛው፣ ከአማርኛው ወደ ጉራግኛው ሲሸጋገር የዘፈኑን ቋንቋ ሳይሆን የእግሩን ምት ይከተላል። በአምቦ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከየአገሩ ስለሚመጣ የምሽቱ ታዳሚ ከሠርጉ የተለየ ነው። የሆነ ሆኖ በዚያች ከተማ ተወልዶ በዚያችው የተቀበረውን የሃጫሉ ሁንዴሳን ዘፈን በመካከል ቆርጦ ሌላ መጨመር በታዳሚው ዘንድ አይወደድም፤ እስከ መጨረሻው ይሰማል። ይህን የሚናገር ፕሮግራም እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ሃጫሉ በሰኔ 2012 በተገደለ ጊዜ በአገሩ ሁሉ ኢንተርኔት ለሳምንታት ተቋርጦ እንደ ነበር ይታወሳል። ይህም ለንግዳችን የሚጠቅም ማስታወሻ አለው። አሁን በውጭ አገር የዲጄ ፕሮግራሞች ዘፈኑን በወርኃዊ ክፍያ ከኢንተርኔት ላይ በቀጥታ እያወረዱ ማጫወት ጀምረዋል። በእኛ መንገድ ላይ ባሉ ከተሞች በዚህ ብቻ የሚተማመን ሰው መስመሩ በተቋረጠ ቀን ሥራ የለውም። በሕጋዊ መንገድ የተገዛ ዘፈን በራሱ ዕቃ ላይ ያለው ግን ይሠራል።

«በሕጋዊ መንገድ» ማለቴ ለወግ አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 በ1996 ከወጣ ወዲህ፣ በ2007ም በአዋጅ ቁጥር 872 ከተሻሻለ ወዲህ የደራሲውን፣ የዘፋኙንና የአሳታሚውን ፈቃድ ሳያገኙ ዘፈን እያባዙ መሸጥ በእስራት የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ሆኖም በየስልክ መሸጫው በር ላይ «ዘፈን እንጭናለን» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎ ይታያል። ብዙ ባለሱቆች ይህን እንደ ንግድ አይቈጥሩትም፤ ደንበኛን ለመሳብ የሚደረግ ትንሽ አገልግሎት ይመስላቸዋል። ኤልያስ መልካና ባልደረቦቹ በ2011 አውታር የተባለውን የዘፈን መሸጫ የከፈቱት ገዢው በቀላሉ ከፍሎ፣ ባለሙያውም ድርሻውን እንዲያገኝ ነበር። ኤልያስ 2012 ሲገባ፣ በመስከረም ወር ዐረፈ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነበር፤ ዘፈን መሸጥ የሚችል ገበያ ከሌለ የዘፈን ማጫወቻ የሚገዛው ሰው ቁጥር አያድግም።

ላኪዎቻችንም ከዚህ የሚያገኙት ነገር አለ። የኢትዮጵያን የድሮ ሸክላዎች ሰብስቦ ኢትዮፒክስ በሚል ተከታታይ ያሳተመው የፓሪስ ኩባንያ ነው፤ ሥራውን ከጀመረ ከሃያ አምስት ዓመት በላይ ሆኖታል። ኃይሉ መርጊያ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1985 በዋሽንግተን የቀረጸውን ካሴት አንድ አሜሪካዊ የካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ገዝቶት፣ በ2013 እንደገና አሳተመው። በዚያም ምክንያት በዋሽንግተን ታክሲ ይነዳ የነበረው ኃይሉ ወደ መድረክ ተመለሰ። የሚያስደንቀው ይህ አሜሪካዊ በየጭፈራ ቤቱ ሲያጫውት የሚጠቀመው ኮምፒዩተር ሳይሆን ሁለት የካሴት ማጫወቻ መሆኑ ነው። እንደገና የጀመረውም ዕቃ በእኛ አገር ካሴት ቤት መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ የኖረ ነው።

ከወጣቶቹም እንደገና ሙሉና ሚካኤል ሰይፉ የመሳሰሉት የክራርንና የአዝማሪን ድምፅ ከኤሌክትሮኒክ ምት ጋር ያዋሐዱትን ሥራቸውን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ2014 ወዲህ ያሳተሙት በአሜሪካ ባሉ ትንንሽ አሳታሚዎች ነው። ሮፍናን ደግሞ ከዲጄነት ተነሥቶ በ2010 «ነጸብራቅ» የተባለውን አልበሙን በአገር ውስጥ ለሕዝብ አቀረበ፤ የአገሩ ወጣትም በእኛ ምት የተሠራ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ እንደሚገዛ አሳየ። ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕቃ ብዙ አይደለም፤ ላፕቶፕ፣ የድምፅ ካርድ፣ ማይክሮፎን፣ ትንሽ ኪቦርድና ሁለት ትክክለኛ ድምፅ የሚሰጡ ማዳመጫዎች ይበቃሉ። በአምቦና በጉደር ያሉ ቤት ውስጥ ስቱዲዮዎች የሚሠሩት በዚህ ነው። የሚጎድላቸው የተፈቀደ ፕሮግራም ነው። በውጭ ምንዛሪ መክፈል ስለማይችሉ የተሰረቀውን ይጠቀማሉ፤ ከተሰረቀውም ጋር ቫይረስ ይገባል። የፈቃድ ቁልፍን ከፋብሪካው በሕግ ገዝቶ በብር የሚያከፋፍል አስመጪ ቢገኝ መጋዘን የማይፈልግ፣ የማይሰበር ሸቀጥ ያገኛል።

ስለ ዋጋ ጥቂት ልበል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 በፊት አንድ ዶላር 57 ብር ገደማ ሲመነዘር፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ከ100 ብር አለፈ። ሦስት መቶ ዶላር የሚያወጣው ኮንትሮለር ቀድሞ በመነሻ ዋጋው 17 ሺህ ብር ያህል የነበረው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ፤ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና 15 በመቶው ተጨማሪ እሴት ታክስ ገና ሳይታሰብ ማለት ነው። ለአንድ የጊንጪ ወጣት ይህ ከባድ ወጪ ነው። ስለዚህ ብዙ ዕቃ አስመጥቶ በመጋዘን ከማስቀመጥ፣ ጥቂቱን አስመጥቶ ማከራየት ወይም በየሠርጉ ወቅት እየተከፈለ የሚያልቅ ዱቤ ማዘጋጀት ይሻላል። ዋሱ የሠርግ ቀጠሮ ደብተሩ ሊሆን ይችላል።

የጭፈራ ቤቶች ቁጥር ጥቂት ነው ብሎ ይህን ገበያ የሚንቅ ነጋዴ ቤተ ክርስቲያኖቹን ይመልከት። በምዕራብ ሸዋ ያሉት የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መዘምራን ለዝማሬያቸው ሚክሰር፣ ኪቦርድ፣ ማይክሮፎንና ድምፅ ማጉያ ይገዛሉ፤ ዕቃቸውንም ከጭፈራ ቤቱ በተሻለ ይጠብቃሉ። ለዲጄ የመጣው ሚክሰርና የገመድ ጥቅል ለመዘምራኑም ያገለግላል። ሁለቱ ደንበኞች በአንድ ቀን ባይገናኙ ግን ደስ ይላቸው ይሆናል።

የትእዛዙ ጊዜ እንዳይሳሳት ያስፈልጋል። የኦርቶዶክሳውያኑ ሠርግ ከጥምቀት በኋላ ይበዛል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ ይቆማል፤ ከፋሲካ በኋላ በሚያዝያ ይመለሳል፤ በግንቦት ይቀዘቅዛል። ለጥር የሚሆን ዕቃ በመስከረም መጨረሻ ከፋብሪካው ጋር ተዋውሎ፣ በኅዳር ጂቡቲ ካልደረሰ ወቅቱ ያመልጣል። ከዕቃው ጋር አብረው መታዘዝ ያለባቸውም አሉ፤ የሚክሰር ማንሸራተቻ፣ የዩ ኤስ ቢ ገመድ፣ የማይክሮፎን ገመድ፣ ፊውዝ፣ የኮንትሮለር መሸፈኛ። ከአሥር ኮንትሮለር ጋር ሠላሳ ገመድ ይታዘዝ፤ በጭልሞ ሌሊት በጤዛ የሚዝገውና በጨፋሪ እግር የሚበጠሰው ገመዱ ነውና።